ዝናብ የሚያስገባ አሮጌ መኪና፦ የውኃውን መግቢያ ፈልጎ ማግኘትና ማስተካከል

«መኪናው ያፈሳል» ብሎ ጋራዥ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የረጠበውን ምንጣፍ ነው። ሠራተኛውም ከረጠበው ቦታ በላይ ያገኘውን ስንጥቅ ሁሉ በሲሊኮን ይለስናል፤ ባለመኪናው ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዶፍ ምንጣፉ እንደገና ይረሰርሳል። እዚህ ላይ የተበላሸው የሲሊኮኑ ጥራት ሳይሆን የአፈላለጉ ቅደም ተከተል ነው። ውኃ ከጣሪያው ጠርዝ ገብቶ፣ በሁለቱ በሮች መካከል በቆመው ምሰሶ ውስጥ ወርዶ፣ ከዚያም በምንጣፉ ሥር ባለው የላሜራ ቦይ ተጉዞ፣ ከገባበት ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ብቅ ሊል ይችላል፤ መኪናው ዳገት ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ካደረ ወደ ኋላ፣ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ይሸሻል። ስለዚህ የረጠበው ቦታ የሚነግረን ውኃው ያረፈበትን እንጂ የገባበትን አይደለም።

ከመጀመሪያው ሊታወቅ የሚገባ ሌላም ነገር አለ። መኪና ጨርሶ ውኃ እንዳይገባው ሆኖ እንደታሸገ ጣሳ አልተሠራም። ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ በበሮቹ ሆድ ውስጥ፣ ጣሪያው የሚከፈት ከሆነም በመክፈቻው ክፈፍ ዙሪያ ውኃ እንዲገባ ሆን ተብሎ ተፈቅዶለታል፤ ከገባ በኋላ ግን እንደ ቤት አሸንዳ በተዘጋጀለት መንገድ ወደ መሬት ይሸኛል። በአሮጌ መኪኖች ላይ ካየኋቸው ችግሮች የሚበዙት አዲስ ቀዳዳ በመከፈቱ ሳይሆን የቆየ መውጫ በመደፈኑ የመጡ ናቸው። ይህን የተረዳ ሰው የማሸጊያ ቱቦ ከመግዛቱ በፊት ቀጭን የፕላስቲክ ገመድና የእጅ ባትሪ ያዘጋጃል።

በአገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና አቆይቶ መንዳት የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል፤ ሃያ ዓመት ያለፈው ጎማና ማጣበቂያ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ይፈተናል። ጉዳቱም በመጥፎ ጠረንና በሻጋታ አያበቃም። ከምንጣፉ ሥር የተኛ ውኃ ወለሉን ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል፤ በዚያው የሚያልፉትን የሽቦ መገጣጠሚያዎችም አረንጓዴ ዝገት ያለብሳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ብልሽት ከውኃው ጋር መያያዙን የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው።

ፈሳሹ ምንድን ነው?

ምንጣፍ ሥር የተገኘ እርጥበት ሁሉ ዝናብ አይደለም። በነጭ ሶፍት ነክተው በብርሃን ይመልከቱት። አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ካለው፣ በጣት ሲያሹት ከተሟለጨና ጣፋጭ ሽታ ከሸተተ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፤ ምንጩም ከዳሽቦርዱ ሥር የተቀበረው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ወይም ወደ እርሱ የሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች ናቸው። ማሞቂያው ሲከፈት የፊት መስታወቱ ከውስጥ በቅባታማ ጉም መሸፈኑ ሌላው ምልክት ነው። ነገር ግን እኛ ዘንድ ብዙ ራዲያተሮች በቧንቧ ውኃ ብቻ ስለሚሞሉ ቀለሙም ሽታውም ላይኖር ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚታመነው የውኃው መጠን ነው፦ ሞተሩ በቀዘቀዘ ሰዓት በመጠባበቂያው ዕቃ ላይ ያለውን ከፍታ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉና በደረቅ ሳምንት ውስጥ ምን ያህል እንደሚጎድል ይከታተሉ። የማሞቂያውን ራዲያተር መቀየር ዳሽቦርድ እስከ ማውረድ ሊያደርስ ስለሚችል፣ እስከዚያው ድረስ ሜካኒኩ ሁለቱን ቱቦዎች በሞተሩ በኩል እርስ በርስ አገናኝቶ ማሞቂያውን ከዑደቱ ሊያወጣው ይችላል። ኩላንት መርዝ መሆኑንም አይርሱ፤ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንና ውሻ ሊልሰው ይችላልና የፈሰሰውን በሚገባ አጥበው ያስወግዱ።

ድሬዳዋ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ሦስተኛ አማራጭ አለ። ኤር ኮንዲሽነሩ ሲሠራ ከአየሩ የሚጨምቀው ንጹሕ ውኃ በቀጭን ቱቦ ከመኪናው ሥር መንጠብጠብ ይኖርበታል። ቱቦው በአቧራ ከተዘጋ ውኃው ተመልሶ በፊተኛው ተሳፋሪ እግር ሥር ይወርዳል። እርጥበት ባለው ቀን ኤር ኮንዲሽነሩን ሩብ ሰዓት ያህል አሠርተው ከመኪናው ሥር ምንም ካልተንጠባጠበ ቱቦውን ከታች በኩል በለስላሳ ነገር ይክፈቱት፤ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል።

ውኃው ቀለም አልባ ከሆነና የሚታየው ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ብቻ ከሆነ ወደ ቀጣዩ ሥራ ይሻገራሉ።

ገልጦ ማየት

ምንጣፉ እንደተነጠፈ መግቢያውን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ምክንያቱም ከሞኬቱ ሥር ያለው ወፍራም ንጣፍ ብዙ ሊትር ውኃ ጠጥቶ ላዩ ደረቅ መስሎ ሊቆይ ይችላል። የበሮቹን ደፍ የሚሸፍኑትን ፕላስቲኮች አንሥተው ሞኬቱን ቢያንስ እስከ ወንበሩ ግርጌ ድረስ ይገልብጡት፤ ውኃው ከወንበሩ ሥር አልፎ ከሄደ ወንበሩን መፍታት የግድ ነው። ወንበር ከመፍታትዎ በፊት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ ካዩ የኤርባግ ወይም የመቀመጫ ቀበቶ መሳቢያ ሽቦ ነው፤ ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉና ይጠብቁ። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅን ያዛሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምሩበት የሚያጡት ነገር የለም።

ወለሉ ከተገለጠ በኋላ በጨርቅ አድርቀው ላሜራውን በጥንቃቄ ያንብቡት። ውኃ ደጋግሞ የሄደበት መንገድ ብዙ ጊዜ በደረቀ ጭቃ መስመር ወይም በቀጭን የዝገት ጅራት ተጽፎ ይገኛል፤ የመስመሩን ላይኛ ጫፍ ማግኘት ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። በዚሁ አጋጣሚ የወለሉን የጎማ ውታፎች ይቁጠሩ። ከፋብሪካ ሲወጣ ለቀለም ሥራ የተተዉት ክብ ቀዳዳዎች በጎማ ክዳን የተደፈኑ ናቸው፤ አንዱ ከወደቀ ወይም ላሜራው ዝጎ ከተበሳ ውኃው የሚገባው ከሰማይ ሳይሆን ከጎዳና ኩሬ ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የጭስ ማውጫውን ጋዝም ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ በአስቸኳይ ሊዘጋ ይገባል።

በጆግ መፈተን

የዚህ ሥራ ሁሉ ማዕከል የውኃው ፍተሻ ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጣል፤ ሌላው ከውጭ ያፈስሳል። የቧንቧ ጎማ ካለ ግፊቱ ተቀንሶ በስሱ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ከሌለ ጀሪካንና ጆግ ይበቃሉ፤ እንዲያውም በጆግ የፈሰሰ ውኃ የት ላይ እንዳረፈ በትክክል ስለሚታወቅ እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። የላቫጆ ፓምፕ ግን አይሆንም። ያ ግፊት ደህና የሆነውንም የበር ጎማ ገልጦ ስለሚያስገባ የሌለ በሽታ ያሳያል።

አፈሳሰሱ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የበሩ የታችኛው ጠርዝ፣ ቀጥሎ የበሩ መስታወት ግርጌ፣ ከዚያ የፊት መስታወቱ የታች ጠርዝ፣ ከዚያ ጎኖቹ፣ በመጨረሻ ጣሪያው ይፈተናል። ከላይ የጀመረ ሰው ውኃው ሲወርድ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ስለሚያረጥበው የትኛው እንዳስገባ መለየት ያቅተዋል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ሳይቸኩሉ ያፍስሱ፤ አንዳንዱ ውኃ ከቦይ ወደ ቦይ ሞልቶ እስኪገነፍል ድረስ ጊዜ ይወስዳልና። ከውስጥ ያለው ሰው ዐይኑን ብቻ አይመን፤ በሚጠረጠሩት መገጣጠሚያዎች ሥር ሶፍት እየቀደደ ይለጥፍ ወይም ደረቁን ላሜራ በሕፃን ፓውደር ይንስንስ። የመጀመሪያዋ ጠብታ በፓውደሩ ላይ የምትተወው መስመር በግልጽ ይታያል። ሶፍቱ የረጠበበትን ሰዓትና ከውጭ ሲፈስ የነበረበትን ቦታ ይጻፉ። ጠብታዋ ስትገባ በዐይን እስካልታየች ድረስ ምንም ነገር አይታሸግም፤ እኔ ይህን ደንብ ጥሼ የከፈልኩትን ዋጋ ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ረዳት ለማያገኝ ወይም ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው ሌላ መንገድ አለ። መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተው፣ ማራገቢያውን ከውጭ አየር እንዲስብ አድርገው ወደ መጨረሻው ፍጥነት ያድርሱትና በበሮቹና በመስታወቶቹ ጠርዝ ላይ ከውጭ የሳሙና ውኃ ይርጩ። ከውስጥ የሚገፋው አየር ቀዳዳ ባለበት ሁሉ አረፋ ያወጣል። አየሩ በኋላኛው ፓራውልት (ባምፐር) ሥር ካሉት የመተንፈሻ ክዳኖች እንዳይሸሽ እነርሱን በፕላስተር መሸፈን ውጤቱን ያጎላዋል።

ከመጥረጊያዎቹ ሥር

የፊተኛው ተሳፋሪ እግር ሥር ከረጠበ፣ በተለይም ማራገቢያው ሲከፈት የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከተሰማ፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው እዚህ ይመልከቱ። በኮፈኑና በፊት መስታወቱ መካከል፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ የቆሙበት ፍርግርግ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ አለ። በመስታወቱ ላይ የወረደው ዝናብ በፍርግርጉ አልፎ ከሥሩ ባለው የላሜራ ገንዳ ውስጥ ይወድቅና በግራና በቀኝ ጫፍ ባሉ መውጫዎች ከፓራፋንጎዎቹ (ከፊት ጎማዎቹ በላይ ካሉት የላሜራ ሽፋኖች) ጀርባ ወደ መሬት ይወርዳል። የማራገቢያው አየር መሳቢያ አፍ የሚገኘውም በዚያው ገንዳ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በተሳፋሪው ወገን፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ። መውጫዎቹ ሲደፈኑ ገንዳው ይሞላል፤ ሲሞላ ውኃው ያንን ከፍታ አልፎ በማራገቢያው በኩል ወደ እግር ሥር ይወርዳል። ጠብ ጠብ እያለ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከዛፍ ሥር የሚቆም መኪና ይህን ችግር በሁለት ክረምት ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ረጅም ስለሆነ አብዛኛው በፍርግርጉ ላይ ተጋድሞ ይቀራል፤ ክፉው የጃካራንዳ ነው። ቅጠሏ ከደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራች በመሆኗ በማንኛውም ፍርግርግ ሾልካ ትገባለች፤ አበባዋም ተከትሏት ይበሰብሳል፤ ሁለቱ ከበጋው አቧራ ጋር ተቦክተው እንደ ጭቃ ምርጊት መውጫውን ይደፍኑታል።

አጸዳዱ አስቸጋሪ አይደለም። ፕላስቲኩን ለማንሣት መጥረጊያዎቹ መውጣት ስላለባቸው፣ ከመፍታትዎ በፊት ያረፉበትን ቦታ በመስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ አለዚያ መልሰው ሲያስሩ አንዱ መጥረጊያ ከጠርዝ ይወጣል። ያረጀ የፕላስቲክ መቆለፊያ በብርድ ይሰበራልና ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ይሥሩ። ቆሻሻውን በእጅና በቫኪዩም ያውጡ እንጂ በውኃ ወደ መውጫው አይግፉት፤ ወደ ውስጥ የተገፋው ጭቃ ከፓራፋንጎው ጀርባ ተጠቅጥቆ ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። በአንዳንድ ሞዴሎች የመውጫው ጫፍ በከንፈር መሰል ጎማ የሚያልቅ ስለሆነ ከታች በጣት ገልጠው ይመልከቱት። ሲጨርሱ አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውኃ በየጫፉ ያፍስሱ፤ ውኃው ሳይቆይ ከፊት ጎማው ጀርባ ካልወረደ ሥራው አላለቀም። ገንዳው ከተገለጠ አይቀር ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ማጣሪያም ያውጡት። የረጠበና የሸተተ ማጣሪያ የዚህን መንገድ ጥፋተኝነት ያረጋግጣል።

ጣሪያው የሚከፈት መኪናም ተመሳሳይ ነው፦ በክፈፉ ማዕዘኖች አብዛኛውን ጊዜ አራት ቱቦዎች አሉ፤ በምሰሶዎቹ ውስጥ ይወርዳሉ። በቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ይከፈታሉ። የኮምፕሬሰር አየር አይንፉባቸው፤ የደረቀው ቱቦ ከመያዣው ሊላቀቅ ይችላል፤ ከተላቀቀ በኋላ ውኃው በቀጥታ ወደ ጣሪያው ልብስ ይፈስሳል።

በሮቹ

አሁን የራሴን ስሕተት ልንገር። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወለል ሁለት ክረምት ሙሉ ሲረጥብብኝ የቆየው የፊት መስታወቱን ስጠረጥር ነው። መስታወቱ ከዓመታት በፊት ተቀይሮ ስለነበር ጥርጣሬው ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ አስነቅዬ እንደገና አስለጠፍኩት፤ ገንዘቡም ሄደ፣ ወለሉም ረጠበ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ሥር ተንበርክኬ ባትሪ ይዤ ልጄ ከውጭ በጆግ ማፍሰስ ጀመረ። የፊት መስታወቱ ላይ ሲያፈስስ ምንም አልታየም። የኋላውን በር መስታወት ግርጌ ሲያጠጣው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ በበሩ የውስጥ ልባስ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ልክ ፕላስቲኳ መቆለፊያ ባለችበት፣ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች፤ ወፈረች፤ ከዚያም በበሩ ጎማ ውስጠኛ ጎን ወርዳ ከደፉ ሥር ገባች። ልባሱን ስፈታው ከሥሩ መኖር የነበረበት ላስቲክ ግማሹ ተቀድዶ፣ ግማሹ ተጠቅልሎ ከታች ተወሽቋል። የመስኮቱ ማንሻ ሞተር የተጠገነ ጊዜ ሠራተኛው እጁን ለማስገባት ቀድዶት መልሶ ሳይለጥፈው ዘግቶታል።

ያ ላስቲክ ለአቧራ የተቀመጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ሌላ ነው። በመስታወቱ ውጫዊ ጠርዝ ያለው ጎማ ውኃውን ይቀንሳል እንጂ አያግደውም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር በበሩ ሆድ ውስጥ ውኃ ይወርዳል፤ ከታች ባሉት ቀጫጭን መውጫዎችም ይወጣል። ይህን እርጥብ ክፍል ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ያ ላስቲክ ብቻ ነው። ስፒከር የተቀየረለት፣ የበር ቁልፍ የተጠገነለት፣ መስኮቱ የተሠራለት በር ሁሉ ስለዚህ ተጠርጣሪ ነው።

ጥገናው ርካሽ ነው። ልባሱን የያዙትን ብሎኖች (ብዙ ጊዜ ከእጀታው ጀርባና ከክንድ ማሳረፊያው ሥር ይደበቃሉ) በካቻቢቴ ይፍቱና መቆለፊያዎቹን ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ያላቅቁ። የተቀደደውን ላስቲክ እንደ ንድፍ ተጠቅመው ከወፍራም የግንባታ ላስቲክ አዲስ ይቁረጡ፤ የሽቦና የእጀታ ቀዳዳዎቹን ከሚያስፈልገው በላይ አያስፉ። የበሩን ላሜራ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጠርገው ካደረቁ በኋላ ዙሪያውን ቡቲል ይለጥፉ፤ ቡቲል ማለት የማይደርቀው ጥቁር ሙጫ መሰል ገመድ ነው፤ የአሮጌው ቡቲል ንጹሕ ከሆነ ፀሐይ ላይ አሙቆ እንደገና መጠቀም ይቻላል። የላስቲኩ የታችኛው ጠርዝ በበሩ ላሜራ ላይ ወዳለው ስንጥቅ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ በልባሱ በኩል ከቀረ ውኃውን ወደ መኪናው ውስጥ የሚመራ አሸንዳ ይሆናል። ልባሱን ከመመለስዎ በፊት በመስታወቱ ላይ አንድ ጀሪካን አፍስሰው ላስቲኩ ከውስጥ ደረቅ መሆኑን ይመልከቱ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ውኃ የሚላጋበት ድምፅ ካለው የታች መውጫዎቹ ተደፍነዋል፤ በእንጨት ስንጥር ይክፈቷቸው፤ ሲሊኮን የተቀባባቸውም አጋጥሞኛል።

የበሩ ዙሪያ ጎማ ተራው ከዚህ በኋላ ነው። ቀጭን ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ ዙሪያውን በእኩል መጠን መያዝ አለበት። በአንድ ቦታ ብቻ ቀልሎ ከወጣ ጎማውን ከመኮነንዎ በፊት በሩን ከፍተው ጫፉን ወደ ላይ ያንሡት፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወት ከሆነ ማጠፊያው ተበልቷልና አዲስ ጎማ አይረዳውም። ማጠፊያው ደህና ከሆነ በምሰሶው ላይ ያለውን የቁልፍ መያዣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምረው፣ ብሎኖቹን አላልተው፣ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ መግፋት ጎማውን ዳግም ያጨብጠዋል። ጎማው ራሱ ከደረቀ ወይም ማዕዘኑ ከተሰነጠቀ አዲስ አበባ፣ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ፣ ከተመሳሳይ ሞዴል የወጣ ይገኛል፤ የአሮጌውን ቁራጭ ይዘው ይሂዱ፤ ቅርጹ ትንሽ የተለየ ጎማ በሩን እንቢ ያሰኘዋል። ለእንክብካቤ ግሊሰሪን ወይም የሲሊኮን ስፕሬይ ይቀቡ፤ ግሪስና የሞተር ዘይት ጎማን ያሳብጣሉ።

ከኋላ

የተለዋጭ ጎማው ጉድጓድ ውኃ ከያዘ ውታፉን ነቅሎ መተው ብዙዎች የሚያደርጉት ነው፤ ውኃው ይሄዳል፣ አቧራና የጭስ ጋዝ ግን በምትኩ ይገባሉ። ይልቅ የኋላ ወንበሩን አጥፈው፣ ቁልፉን ውጭ ላለ ሰው ሰጥተው፣ ባትሪ ይዘው ከውስጥ ይተኙና ክዳኑ ተዘግቶ ይፈስስበት። ተጠርጣሪዎቹ የኋላ መብራቶቹ ስፖንጅ፣ የክዳኑ ጎማ፣ የአንቴናው ግርጌ፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ያሉት የአየር መተንፈሻ ክዳኖች፣ እንዲሁም ጣሪያውና ጎኑ የሚገናኙበት ቦይ ናቸው። ከኋላ ተገጭቶ ባትላሜራ የተሠራለት መኪና ከሆነ ደግሞ የተበየደበትን መስመር ሁሉ ይጠርጥሩ፤ ከላይ ስቱኮና ቀለም አምሮ ከውስጥ ያልታሸገ ብየዳ የተለመደ ነው። መብራቱን ሲመልሱ አዲስ ቡቲል ይዙሩበት፤ ፕላስቲኩን እስኪሰነጠቅ አያጥብቁት።

አላርም ወይም ተጨማሪ መብራት የተገጠመበት መኪና ላይ ሽቦው ሞተሩን ከመቀመጫው ክፍል በሚለየው ላሜራ ያለፈበትን ቀዳዳም ይመልከቱ። ቀዳዳው ጎማ ሊኖረው ይገባል፤ ሽቦውም ወደ ቀዳዳው ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ እንዲነሣ ይደረግ፤ ውኃው ከጉብጠቱ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቦውን ተከትሎ አይገባም።

መስታወቱና ማሸጊያው

የፊት መስታወት አገጣጠም ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ቮልስ፣ ላዳና ባለ 70 ቁጥር ላንድክሩዘር ባሉት ላይ መስታወቱ በወፍራም ጎማ ታቅፎ ይቀመጣል፤ ጎማው ካልተሰነጠቀ ከንፈሩን በፕላስቲክ ስንጥር ገለጥ እያደረጉ ከሥሩ የማይደርቅ የመስታወት ማሸጊያ ማስገባት ይበቃል። በኋላ በመጡት ላይ ግን መስታወቱ በፖሊዩሬቴን ከላሜራው ጋር ተጣብቋል፤ እዚህ ላይ ከውጭ የሚቀባ ነገር ሁሉ ጊዜያዊ ነው። ውኃ በማጣበቂያው ሥር ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ያለፈው ላሜራው ዝጎ ማጣበቂያውን ስላራገፈው ነው፤ መስታወቱ ወጥቶ፣ ዝገቱ ባዶ ብረት እስኪታይ ተፍቆ፣ ጸረ-ዝገት ቀለም ተቀብቶና ደርቆ እንደገና መለጠፍ አለበት። ይህን ለባለሙያ ይተዉት፤ ምክንያቱም መስታወቱ ለጣሪያው ጥንካሬ ይጨምራል፣ የተሳፋሪው ኤርባግም ሲከፈት የሚደገፈው በእርሱ ላይ ነው። ፖሊዩሬቴን የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት በመውሰድ ስለሆነ ክረምት አይጎዳውም፤ ብርድ ግን ያዘገየዋል። በቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ይጠብቁ፤ ከተቻለ መኪናውን አንድ ቀን አያንቀሳቅሱ፤ በሮቹን ሲዘጉ አንዱን መስኮት ገርበብ አድርገው ይተዉ፤ አለዚያ የታፈነው አየር ያልደረቀውን ማጣበቂያ ይገፋዋል።

ስለ ተራው ሲሊኮን ያለኝ አቋም የጠነከረ ነው። ከቱቦው ሲወጣ እንደ አቼቶ የሚሸተው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ራሱ ላሜራውን ያዝገዋል፤ ከዚያም በላይ ቅሪቱ ላይ ቀለምም ፖሊዩሬቴንም ስለማይዝ ቀጥሎ ለሚመጣው ጥገና መንገዱን ይዘጋል። ለላሜራ መጋጠሚያ የመኪና ቦዲ ማሸጊያ፣ ተፈትቶ ለሚታሰር ነገር ቡቲል፣ ለመስታወት ፖሊዩሬቴን፤ ለሲሊኮን የሚቀር ቦታ የለም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሞኬቱን ለመመለስ አይቸኩሉ። ንጣፉን ከሞኬቱ ለይተው ከተቻለ በሳሙና አጥበው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው የጠዋት ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ላዩ ሲደርቅ መሐሉ እርጥብ ስለሚሆን ማታ በሁለት ጋዜጣ መካከል አጣጥፈው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ ጠዋት ጋዜጣው ከረጠበ አንድ ቀን ይጨምሩ። ወንበሩን ብቻ መልሰው አስረው መኪናውን ያለ ሞኬት አንድ ሳምንት ያህል ይንዱት። በዚያ ሳምንት ቢያንስ ሁለት ጠንካራ ዝናብ ይጠብቁ፤ አንዱን ሌሊት አፍንጫውን ወደ ዳገት፣ ሌላውን ወደ ቁልቁለት አድርገው ያሳድሩት፤ ጠዋት ጠዋት የወለሉን አራት ማዕዘን በደረቅ ሶፍት ይንኩ። አራቱም ደርቀው ካደሩ ሞኬቱን ይመልሱ፤ ወንበር መልሰው ባሰሩ ቁጥር ቢጫዎቹን ሶኬቶች የባትሪው ገመድ ከመታሰሩ በፊት ማያያዝዎን አይርሱ።